የሾላው ተሸካሚ ካርድ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በካርድ ላይ ስለምትጻፍ አንዲት መስመር ነው። ርእሱን አስቀድመው የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይኸስ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው» ብለው ቀልደውብናል። ቀልዳቸውን ተቀብለን ወደ ነገሩ እንግባ።

ሾላ ገበያን የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። በአንድ ቅዳሜ ጧት እዚያ ቆመን ሳለን የሽንኩርት ጆንያ የተሸከመ ሰው አየን። ቀኝ ጕልበቱን ከልክ በላይ ከፍ እያደረገ ይራመዳል፤ እግሩ ሲያርፍ ጣቶቹ ቀድመው መሬት ይመታሉ። ሸክሙን ካወረደ በኋላ አነጋገርነው። ከጥቂት ወራት በፊት ትኩሳት ይዞት መቀመጫው ላይ መርፌ እንደ ተወጋ፥ በዚያችው ደቂቃ እንደ እሳት ያለ ነገር እስከ እግሩ ጣት እንደ ወረደበት፥ ከዚያ ወዲህ እግሩ ወደ ላይ እንደማይታዘዝለት ነገረን። ወጌሻም ዘንድ ሄዶ ታሽቷል። በፌስታል ጠቅልሎ የያዘውን ወረቀት አውጥቶ ቢያሳየን፥ በአንዱ ላይ «የእግር ሕመም»፥ በሌላው ላይ «ወለምታ» ተብሎ ተጽፏል። መርፌ የሚል ቃል የለም። የትኛው እግር እንደ ሆነም አልተጻፈም።

ለዚህ ስሕተት ቋንቋችንም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ሰውየው ለመርማሪው ያለው «ጅማቴ ዞረ» ነው። በአማርኛችን ጅማት ሥጋን ከአጥንት የሚያያይዘውም ነው፥ ብዙ ሰው ነርቭንም ጅማት ይለዋል፤ «ሥር» ስንልም ደም የሚሄድበትንም ነርቩንም ማለታችን ነው። እንግዲህ ሰውየው አልዋሸም። ሰሚው ግን «ዞረ» የምትለዋን ያዘና ወለምታ ብሎ ጻፈ።

በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነርቮች ሁሉ የሚወፍረው ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ ሥጋ ሥር አልፎ በጭን ጀርባ የሚወርደው ነው። ጕልበት አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ባትና ወደ ውስጥ እግር ይሄዳል። ሁለተኛው ከጕልበት በታች በውጭ በኩል ባለችው የአጥንት ጕጥ ላይ ይጠመጠማል፤ እዚያ ላይ ከቆዳ በቀር የሚሸፍነው የለም ማለት ይቻላል። እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ይህ ሁለተኛው ነው። መርፌ ከመቀመጫው የላይኛ ውጭኛ ሩብ ወጥቶ ሲወጋ፥ ከሁለቱ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የእርሱ ክፍል ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ግን ይህ ነው። እዚያው ሾላ ውስጥ ቍጢጥ ብላ ስትለቅም የምትውል ሴት፥ መርፌ ሳይነካት፥ ያው ነርቭ ከጕልበቷ በታች ተጫጭኖ እግሯ እንዲሁ ሊወድቅባት ይችላል። ጀሶ ወይም የወጌሻ ቀርከሃ አጥብቆ የታሰረበትም እንዲሁ። በስለት የተቈረጠም እንዲሁ። የሥጋ ደዌ የያዘውም እንዲሁ፤ የአለርት ሆስፒታል ሐኪሞች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የሚታየው ምልክት አንድ ሲሆን ምክንያቱ አምስት፥ ሕክምናውም የተለያየ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ይህን መለያየት ያውቃል። ዝርዝሩ በ1893 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን ባቀረበው የሞት ምክንያቶች መዝገብ ተጀመረ፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ሲረከበው በሽታና ጉዳትም ገቡበት። ዐሥራ አንደኛው እትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጸንቷል፤ እኛ ምሳሌ የምንወስደው ግን ከዐሥረኛው ነው። በዚያ እትም፥ በጭን ከፍታ የተጎዳው ትልቁ ነርቭ ኤስ 74.0 ነው። ከጕልበት በታች በአደጋ የተጎዳው ቅርንጫፍ ኤስ 84.1፥ ያው ቅርንጫፍ ያለ አደጋ ተጫጭኖ ሲደክም ጂ 57.3 ይባላል። ከቈየ ጉዳት የተረፈ ጠባሳ ከሆነ ቲ 93.4 አለ። የሥጋ ደዌ ኤ 30 ነው። የሾላው ሰው ግን «የእግር ሕመም» ስለ ተባለ ኤም 79.6 ላይ ይወድቃል፤ «ወለምታ» ሲባል ደግሞ ኤስ 93.4፥ ማለትም ቍርጭምጭሚት።

ጥፋቱን በካርድ ክፍል ሠራተኛ ላይ የሚጥሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ሠራተኛው ሐኪሙ ያልጻፈውን ቍጥር ከየት ያመጣዋል? ከመካከላችን እንኳ አንዱ ለልምምድ የጻፈውን የምርመራ ወረቀት ስናነብ ግራና ቀኙን ረስቶት አግኝተናል፤ ጽሕፈቱንም እርሱ ራሱ ማንበብ አቅቶት ስቀናል።

የቀኑ ነገር ከሁሉ ይብሳል። የተቈረጠ ነርቭ መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ያኽል ነው። ከመቀመጫ እስከ ቅልጥም ያለውን ርቀት በዚህ ብታካፍሉት ከአንድ ዓመት ይበልጣል። ሥጋው ግን ያለ ነርቭ ለዘላለም አይጠብቅም፥ እየመነመነ ይሄዳል። መርፌው የተወጋበት ቀን ካልተጻፈ፥ ቀዶ ጠጋኙ መታገሥ ይሻል ወይስ መክፈት በምን ይወስናል?

የካሣም ጉዳይ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው የአካል ጉዳት መጠኑ በሕክምና ቦርድ ይወሰናል። ቦርዱ ካርድ ይጠይቃል። የገበያ ተሸካሚ ግን ጌታው ብዙ፥ አሠሪው የለም፤ ስለዚህ ይህ በር ለእርሱ የተከፈተ አይመስልም። ለእርሱ የሚቀረው መቈጠር ነው። «የእግር ሕመም» ተብሎ ሪፖርት ሲላክ በመርፌ የተጎዳ ሰው ቍጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ለሆነ ነገር ደግሞ መርፌ ወጊዎችን እንደ ገና የሚያስተምር አይገኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን። በተረከዙ ብቻ እንዲራመድ ለመንነው፤ አልቻለም። በጣቶቹ መቆም ግን ቻለ። በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መካከል በጥጥ ብንነካው አይሰማውም። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍነው፦ «ቀኝ እግር፤ ትልቁ ነርቭ፥ በመቀመጫ ከፍታ፥ ውጭኛው ክፍል፤ ምክንያት የመቀመጫ መርፌ፤ እግርን ወደ ላይ የማንሣት ኀይል ከ5 1።» ቀኑን እርሱ ከደብረ ታቦር በዓል ቈጥሮ ነገረንና ጨመርነው። እኛ ገና ተማሪዎች ስለ ሆንን ወረቀቱ ማስረጃ እንዳልሆነ፥ ለሚያየው ሐኪም ግን እንዲሰጠው ነገርነው።

«ይኸ ወረቀት እግሬን ያቀናልኛል?» አለን። አያቀናም አልነው። ሳቀና ከቀድሞዎቹ ጋር በፌስታሉ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ የሚጠብቀው ጆንያ ነበረና ሄደ። የነርቭ ምርመራ ቀጠሮ አግኝቷል፤ በዚያ ቀን ከእርሱ ጋር የሚሄድ ሁለት ሰው እንፈልጋለን፤ የሚችል ከስብሰባው በኋላ ስሙን ይስጠን።