ከበቆሎ ማሳ የወጣ ተራራ



ተራራ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ከአያት ከቅድመ አያት በፊት የነበረ፣ ከእኛም በኋላ የሚኖር ነገር መሆኑን ነው። የተወለደበት ቀን የታወቀ፣ ሲወለድም በዓይን የታየ ተራራ አለ ቢሏችሁ ግን ምን ትላላችሁ? ዛሬ በአሳብ ይዣችሁ የምሄደው ወደዚህ ተራራና በአቅራቢያው ወዳለች አንዲት ጥንታዊት ከተማ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው።

የሜክሲኮ ስም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን ሕጋዊ ነው ብለው አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበረ። በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያ አደባባይ መኖሩ የዚህ ወዳጅነት ምስክር ነው። በዚያን ጊዜ የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት የነበሩት ላዛሮ ካርዴናስ የተወለዱት ሚቾአካን በሚባለው ክፍለ ሀገር ሲሆን፣ የዛሬው መንገዳችንም ወደዚያው ነው።

ኡሩአፓን ከሚባለው ከተማ በማለዳ ብትነሡ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ አንጋዋን ትደርሳላችሁ። ስፍራው ደጋ ስለ ሆነ የጠዋቱ ብርድ የአዲስ አበባን ብርድ ያስታውሳችኋል። ነዋሪዎቹ ፑሬፔቻ የሚባሉ የጥንት ባለ አገሮች ናቸው። እስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት የራሳቸው መንግሥት ነበራቸው፤ ቋንቋቸውም ከሌሎቹ የሜክሲኮ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና የለውም። በአደባባዩ ላይ የቆመው የሐዋርያው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው። የበሩን ዙሪያ ብትመለከቱ፣ እስፓኞች ከዐረቦች የተማሩትን የድንጋይ ቅርጽ ሥራ ታገኛላችሁ። ከዚያም በየመንገዱ ከጥድ ሳንቃ የተሠሩ የቆዩ ቤቶች አሉ። ሳንቃዎቹ እርስ በርሳቸው እየተሰካኩ የተገጠሙ ስለ ሆኑ ቤቱን ፈትቶ፣ ተሸክሞ፣ በሌላ ስፍራ መልሶ ማቆም ይቻላል። ይህን ነገር ልብ አድርጉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከከተማይቱ ወጥታችሁ በእግር ወይም በፈረስ በጥዱ ደን ውስጥ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ዛፉ በድንገት ያበቃና ጥቁር የድንጋይ ባሕር ይገጥማችኋል። ከዚያ ድንጋይ መካከል አንድ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህ ስፍራ ቀድሞ ሳን ሁዋን ፓራንጋሪኩቲሮ የሚባል ከተማ ነበረ።

ነገሩ የተጀመረው የካቲት 13 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው። ዲዮኒሲዮ ፑሊዶ የሚባል የፓሪኩቲን መንደር ገበሬ ማሳውን ለዘር ሲያዘጋጅ ውሎ ሳለ፣ ከቀትር በኋላ መሬቱ ተሰነጠቀ። እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ የድኝ ሽታ ያለው ጭስም ከስንጥቁ ወጣ። አንድ ቀን ሳይሞላ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ በማሳው ላይ ቆመ። በዓመቱ ከ300 ሜትር በላይ ሆነ። በ1944 ዓ.ም. እሳቱ ሲያቆም ቁመቱ 424 ሜትር ደርሶ ነበር።

ምክንያቱን ሊቃውንት እንዲህ ያስረዳሉ። ከምድር ሆድ ወደ ላይ የሚወጣው የቀለጠ ዐለት በውስጡ የታመቀ እንፋሎት አለበት። ወደ ገጸ ምድር በቀረበ ጊዜ እንፋሎቱ እየሰፋ ዐለቱን ሰባብሮ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል፤ ስብርባሪውም በአፉ ዙሪያ እየወደቀ ይከመራል። የቀለጠው ዐለት ደግሞ ከክምሩ ግርጌ እየወጣ እንደ ወፍራም ገንፎ ቀስ ብሎ ይፈሳል። በዚያ አገር እንዲህ ያሉ ትናንሽ እሳተ ገሞራዎች ከሺህ ይበልጣሉ። እያንዳንዱም አንድ ዘመን ብቻ ነድዶ ለዘለዓለም ይዘጋል፤ የሚቀጥለው በሌላ ስፍራ ይከፈታል።

የፈሰሰው እሳት ሁለት መንደሮችን ዋጠ፤ እነርሱም ፓሪኩቲንና ሳን ሁዋን ናቸው። በእሳቱ ፍሳሽ የሞተ ሰው አልነበረም፤ የሞቱት ሦስት ሰዎች ከአመዱ ደመና በወረደ መብረቅ የተመቱ ናቸው። ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ መከራ የራሱ የሆነ ፈተና አለው። ጎርፍ ቢሆን ሰው ሳያስብ ይሸሻል። ይህ ግን ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እየቀረበ ሲመጣ፣ ሰው «ምናልባት ይቆም ይሆናል» እያለ በአባቱ ቤት ደጃፍ ይቀመጣል። የሳን ሁዋን ሰዎችም እንዲሁ አደረጉ። የጌታ ተአምራት እያሉ የሚያከብሩት የስቅለት ምስል በቤተ ክርስቲያናቸው ነበረና፣ እርሱን ትቶ መሄድ ከሞት የሚቆጠር መስሎ ታያቸው።

በመጨረሻ፣ በግንቦት ወር 1936 ዓ.ም.፣ አንድ ነገር ተረዱ። ምስሉ ሊወሰድ ይችላል፤ የማይወሰደው ግድግዳው ነው። ስለዚህ ምስሉን በትከሻቸው ተሸክመው፣ እየዘመሩና እያለቀሱ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በአዲስ ስፍራ ሰፈሩ። ለአዲሱ ከተማ የሰጡትም ስም ያንኑ የቀድሞውን ነው፤ የጨመሩበት «አዲስ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ከፍርስራሹ ተነሥታችሁ ወደ ተራራው ብትቀጥሉ፣ አቀበቱ ልቅ ጠጠር ነውና ሁለት እርምጃ ወጥታችሁ አንዱን ትንሸራተታላችሁ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ከድንጋዩ ስንጥቅ ለብ ያለ እንፋሎት ሲወጣ ታያላችሁ። ያ የገበሬው ማሳ ከእግራችሁ በታች ነው። የፓሪኩቲን ሰዎች ካልትሶንትሲን በሚባል ስፍራ ሰፈሩ እንጂ ወደ ማሳቸው አልተመለሱም፤ የመንደራቸው ስም ዛሬ በገፋቸው ተራራ ላይ ይኖራል። ስለዚህ የጠፋው ሁሉ ተመለሰ ብዬ ልነግራችሁ አልደፍርም።

ነገር ግን አዲሱን ሳን ሁዋን ብታዩ፣ ሕዝቡ ደኑን በኅብረት የሚጠብቅ፣ ግንዱን ራሱ የሚሰነጥቅ፣ ሙጫውን የሚሸጥ፣ ከሳንቃውም የቤት ዕቃ የሚሠራ ሆኗል። በአዲሱ ቤተ ክርስቲያንም ምእመናን በዚያው ምስል ፊት ይጨፍራሉ። በአሮጌው ፍርስራሽ ውስጥ፣ ፍሳሹ ሳይነካው በቀረው መንበር ላይ፣ ዛሬም አበባ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ።

እንግዲህ ያን የሳንቃ ቤት አስታውሱ። የዚያ አገር ሰዎች ቤታቸውን ሲሠሩ ተፈትቶ እንዲገጠም አድርገው ነበረ፤ መከራው በመጣ ጊዜ ደግሞ ከተማ ራሱ ተፈትቶ የሚገጠም መሆኑን አሳዩ። የሚገጥመው ችንካር በሕዝቡ መካከል ያለው አንድነት ነው፤ እርሱ ከላላ ግን ምንም እሳት ሳይነካው የሚፈርስ ከተማ አለ። ማታ ወደ ኡሩአፓን ስትመለሱ፣ እያንዳንዳችሁ «እኔስ ብሆን ምኑን ተሸክሜ፣ ከማንስ ጋር እወጣ ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን ብትጠይቁ፣ የዛሬው መንገዳችን በከንቱ አልሆነም።