የፒር ዛፍ ጎረቤት ይፈልጋል

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

 

ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ከማኅበሩ የብድር ገንዘብ ወስደን በየግቢያችን የፒር ችግኝ ብንተክልስ የሚል ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ልጆቻችን ፍሬ ይበላሉ፣ የተረፈውም ይሸጣል። ሆኖም ገንዘቡ የሁላችንም ስለሆነ መጀመሪያ ዛፉን እንወቀው፣ ከዚያ ወደ ሂሳቡ እንሂድ ብለናል። የደረስንበት በአጭሩ ይህ ነው፦ ፒር ዝርያው ከተመረጠ ለደሴ ግቢ ይሆናል። ግን ለብቻ አይተከልም፣ በብድርም አይተከልም።

ፒር ስንል በለስን ማለታችን አይደለም። ፒር የፖም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ወደ እንጨቱ በኩል ቀጠን፣ ከታች ሰፋ ያለ ነው። ኮክና እንጆሪም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ የደጋችን ኮሶ ሳይቀር ዘመዱ ነው።

ይህ ዛፍ ብርድ ይወዳል። በትውልድ አገሩ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ የሚበቃውን ያህል ብርድ ካላገኘ በደንብ አይነቃም፣ አበባውም የተዘበራረቀና ጥቂት ይሆናል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ዝርያዎች በዓመት ከ600 ሰዓት በላይ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ይፈልጋሉ። ያን ያህል ብርድ በአብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች አይገኝም። ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎችም ስላሉ ችግኝ ስንገዛ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ይህ ዝርያ ምን ያህል ብርድ ይፈልጋል?» የሚል ይሁን። ሻጩ የዝርያውን ስም ካላወቀ ገንዘባችንን በእጃችን ይዘን እንመለስ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢራራቁም በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት አለ። ስለዚህ የኮምቦልቻ እህቶቻችን ፒርን ለደሴ ትተው አቮካዶና ዘይቱን ቢተክሉ ይሻላል። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጨንቻ ደጋ ፖም ስሙን ያስጠራው ቦታው ብርዳም ስለሆነ ነው። በኢንዶኔዥያ ባቱ በምትባል ከተማ ደግሞ ክረምት የሚባል ብርድ ስለሌለ ገበሬዎቹ ከለቀማ በኋላ የፖሙን ቅጠል በእጅ እያራገፉ እንደገና እንዲያብብ ያደርጉታል።

ሁለተኛው ነገር ጎረቤት ነው። ኮሶ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ፒር እንዲህ አይደለም፤ አንዱ አበባ ሁለቱንም ይዟል። ሆኖም አብዛኛው ዝርያ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ቢይዝም ጥቂት ነው። ሌላ ዝርያ በዚያው ሰሞን በአቅራቢያው ማበብ አለበት፣ ንብም ብናኙን ማመላለስ አለባት። ከአንድ ዝርያ የተገኙ ሁለት ችግኞች አይጠቅሙም፤ እንደ አንድ ዛፍ ናቸው። ለጠባብ ግቢ ሁለት ዛፍ ይከብዳል፤ ዛፍ ከዛፍ ከ4 እስከ 5 ሜትር መራራቅ አለበትና። መፍትሔው አንዷ አንድ ዝርያ፣ ጎረቤቷ ሌላ ዝርያ መትከል ነው። በዛፎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ30 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። አጥሩ ንቧን አያግዳትም። በአበባ ሰሞን ግን ማናችንም ፀረ ተባይ አንርጭ፤ የአንዷ መርጨት የሁለቱንም ፍሬ ያስቀራል።

ሦስተኛው ችግኙ ነው። ከፍሬው ዘር የበቀለ ፒር እናቱን አይመስልም፤ ፍሬ ለመስጠትም ብዙ ጊዜ ከ7 ዓመት በላይ ይፈጃል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም የታወቀ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ ተቀጥሎበት የበቀለ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ስንገዛ ከግንዱ ግርጌ ከፍ ብሎ የተቀጠለበትን ጠባሳ እንፈልግ። ስንተክል ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን፤ ከእሱ በታች የሚበቅለውን ቀንበጥ ሁሉ እንቁረጥ።

ተከላው ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ጉድጓዱ በሁሉም በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጠን በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለን እንመልሰው። ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይሆንም፤ ጥቁር አፈር ከሆነ ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ነው። ውርጭ በዝቅተኛ ቦታ ስለሚተኛ ከጉድባው ይልቅ ተዳፋቱ ይመረጣል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አይቅርበት፤ የልብስ ማለቅለቂያ ውኃም ሳሙናው ካልበዛ ይሆናል። ሥሩን ገለባ እናልብሰው፤ ገለባው ግን ግንዱን አይንካ።

ፒር ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ መሄድ ይወዳል። ቅርንጫፎቹን ገና ለጋ ሳሉ በገመድ ወደ ጎን ጎተት አድርጎ ማሰር ፍሬውን ያፈጥናል። በቅርንጫፉ ላይ የሚወጡት አጫጭር ጉጦች የፍሬ ቦታዎች ስለሆኑ በግርዘት ጊዜ አይቆረጡ።

ለቀማውም የራሱ ዘዴ አለው። የአውሮፓው ፒር ዛፉ ላይ እስኪበስል ከተጠበቀ ከመሃሉ ይበላሻል። ፍሬውን በእጃችን ይዘን ወደ ጎን ቀና ስናደርገው እንጨቱ በቀላሉ ከለቀቀ ደርሷል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ አንገቱ አጠገብ በአውራ ጣት ሲጫኑት ለስለስ ሲል ይበላል። ይህን የማያውቅ ገዢ ጠንካራውን ነክሶ «እንጨት ነው» ብሎ እንዳይሄድ ገበያ ላይ ልንነግረው ይገባል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። በዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንደ ማሽን በቋሚ ንብረት ይመዘገባል። ፍሬ እስኪጀምር ድረስ የሚወጣበት ወጪ ልክ በግንባታ ላይ እንዳለ ቤት ይቆጠራል። ትርጉሙ ለእኛም ግልጽ ነው፤ እስከዚያ ዛፉ የሚበላ እንጂ የሚያበላ አይደለም።

ለምሳሌ አንዲት እህታችን 2,000 ብር ተበድራ በ12 ወር ትመልስ እንበል። የመጨረሻውን ብር ስትከፍል ዛፉ ገና ቁመቷን አላለፈም። ክፍያው የሚወጣው ከጉሊቷ ወይም ከልጆቿ ጉርስ ነው። እሷ ሲያቅታት ዋስ የሆኑት የቡድኗ አባላት ይከፍላሉ፣ በዚያም ኩርፊያ ይመጣል። ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ፣ የእንቁላል ጫጩት በአምስትና በስድስት ወር፣ የሚደልብ በግ በሦስት ወር ገንዘቡን መመለስ ይጀምራል። ብድር የሚገባው ለእነዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙዎቻችን ቤታችንን ትተን ወጥተናል። የአራት ዓመቱን ነገር ማንም አያውቅም፤ ዕዳ ግን ዘመኑን አይጠይቅም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው።

አንደኛ፣ ለፒር ችግኝ ብድር አይሰጥ። የምትፈልግ አባል ከራሷ ቁጠባ ትግዛ፤ ማኅበሩ ግዢውን በጅምላ ያስተባብር።

ሁለተኛ፣ የደሴ አባላት ግቢያቸው የሚቀራረበው ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነው ይመዝገቡ፤ ዝርያቸውም የተለያየና በአንድ ሰሞን የሚያብብ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የኮምቦልቻ አባላት በዚያው ግዢ የቆላ ወይና ደጋውን ችግኝ ያዝዙ። ፍሬ ሲደርስ ፒር ይወርዳል፣ አቮካዶ ይወጣል።

አራተኛ፣ በኪራይ ቤት የምንኖር ብዙ ነን። በሰው ግቢ የተተከለ ዛፍ በዕቃ መጫኛ አይጫንም። ተከራይ የሆነች እህት ግቢ ካላት ጋር ተዋውላ ጉልበቷንና ውኃዋን ታዋጣ፣ ከፍሬውም ድርሻዋን ትውሰድ። ውሉ በጽሑፍ ይሁንና አንዱ ቅጂ በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ፤ በቃል የተባለ ነገር ፍሬ ሲደርስ ይረሳል።

ውሳኔው የእናንተ ነው። ሐሳቡን የምትደግፉ ዛሬ ከመበተናችን በፊት ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁንና ጎረቤታችሁን አስመዝግቡ። ፈጣሪ ዝናቡን በወቅቱ፣ ሰላሙንም ለዘወትር ይስጠን።