ኮላጅን፦ የገላችን ጭድ

እህቶቼ፣ ሪያድ፣ ሹመይሲ ሰፈር በሰው ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ኑሯችሁን አውቀዋለሁ። አሁን ምክር ስሰጥ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ኮላጅን የሚባለው ዱቄት ፊት ያጠራል ይላሉ፤ ልግዛው ወይ?»

አገር ቤት ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው ውስጥ ጭድ ይገባል። ጭዱ ከሌለ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ኮላጅንም ለገላችን እንደዚያ ነው። በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ሲሶ ያህሉ እሱ ነው፤ ቆዳን፣ አጥንትን፣ ጅማትን፣ የደም ሥርንና ድድን አያይዞ ይይዛል። ቁስል የሚሽረውም አዲስ ኮላጅን ሲሠራ ነው።

ኮላጅንን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው። ለዚህም ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከእንቁላል ወይም ከሥጋ ፕሮቲን ይፈልጋል። ቫይታሚን ሲም የግድ ያስፈልገዋል፤ እሱን ግን ከምግብ እንጂ ከሌላ አያገኘውም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ወገኖቻችንን ስከርቪ የሚባል በሽታ ያዛቸው። እህልና ዘይት ይታደል ነበር፤ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ግን እምብዛም አይገኝም ነበር። ስከርቪ ድድን ያሳብጣል፣ ያደማል፤ እግርን ያሳምማል፣ መራመድም ይከለክላል። እህል ሳይጠፋ ጭዱ አለቀ ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት ወር ከወር ሩዝ፣ ዳቦና ሻይ ብቻ ይዘው የሚውሉ እህቶች ስላሉ ነው። ድዳችሁ ከደማ፣ ትንሽ ሲነካችሁ ገላችሁ ከበለዘ፣ ቁስላችሁ አልሽር ካለ ዝም አትበሉ። ሌላ በሽታም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያችሁ። በ937 ደውላችሁ የጤና ምክር መጠየቅ ትችላላችሁ።

የሚዋጠው ዱቄት ሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል እንጂ ቀጥ ብሎ ፊት ላይ አይወጣም። ደመወዛችሁን አታባክኑበት። አንድ ብርቱካን የቀኑን ቫይታሚን ሲ አብዛኛውን ይሰጣል። ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሎሚም ጥሩ ናቸው፤ ብዙ ሲበስሉ ግን ቫይታሚኑ ይቀንሳል። ሎሚውን ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጭመቁበት። በበረኪና ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፤ ቆዳ ያቃጥላል።

ማዳምን «ቡርቱቃል»፣ «ለይሙን» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የምትሠሩበት ገላ የራሳችሁ ነው፤ ድርሻውን ጠይቁለት።