የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት፦ ስለ ማንጎ ታርት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የመጋገሪያ ቡድኑ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ጣፋጭ ምግብ ነው። ጉዳዩ ግን ገንዘባችንን፣ ጉልበታችንንና የደንበኞቻችንን ጤና ስለሚነካ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን። በመጨረሻም ሁለት ውሳኔ እንጠይቃችኋለን።

እንደምታስታውሱት ደጋፊዎቻችን የበጋ ታርት አሠራር ልከውልናል። ታርት በቅቤ ከታሸ ሊጥ እንደ ትንሽ ሳህን ጎድጎድ ተደርጎ ይጋገርና ውስጡ ክሬም ተሞልቶ ፍራፍሬ ይደረደርበታል። የተላከልን አሠራር እንጆሪና መሰል ጥቃቅን ፍሬዎችን፣ እንዲሁም ማስካርፖኔ የሚባለውን የጣሊያን የክሬም አይብ ይጠይቃል። ዕቃዎቹንም ገዝተን እንላክላችሁ ብለውናል። ስለ ቅን ልባቸው እግዚአብሔር ይስጥልን። የእኛ መልስ ግን አሠራሩን ተቀብለን ዕቃውን ከዚሁ እናገኛለን የሚል ነው።

በመጀመሪያ ፍሬውን እንመልከት። እነሱ በጋ የሚሉት ሰኔና ሐምሌ ለእኛ ክረምት ነው፤ ባሮ የሚሞላበት ወቅት ነው። እንጆሪ የደጋ ፍሬ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቷ 40 ዲግሪ የሚደርስ ቆላ ናት። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣ እንጆሪ እዚህ ሲደርስ ጭማቂ ሆኖ ነው። በሌላ በኩል በየግቢያችንና በወንዙ ዳር ያለው ማንጎ በወቅቱ ከዛፉ እየረገፈ መሬት ላይ ይበሰብሳል። በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ሁሉም ሻጭ ይሆናል፣ ዋጋውም ይወድቃል።

ሌላም ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ እኛም ክልል ደርሷል። ተባዩ የተጣበቀበት ማንጎ ቆዳው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ስለሚያወጣ ገበያ ላይ ገዢ ያጣል። ነገር ግን ጉዳቱ ቆዳው ላይ ብቻ ከሆነና ሥጋው ጤናማ ከሆነ፣ ታጥቦና ተልጦ ለታርት ይሆናል። ታርት የሚበላ ሰው ልጣጩን አያይም። ገበያ የጣለውን ፍሬ እኛ ማንሳት እንችላለን ማለት ነው።

ወደ ክሬሙ እንምጣ። ማስካርፖኔ የሎምባርዲያ ምግብ ነው፤ ስሙ ይክበድ እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ይሠራል፣ ማስካርፖኔ ደግሞ ከቅባቱ ከራሱ ይሠራል። ወተቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱን እንገፍፋለን። አንድ ሊትር ክሬም እስከ 85 ዲግሪ፣ ማለትም ሳይፈላ በደንብ እስኪተን፣ በለስላሳ እሳት እናሞቃለን። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምረን ለጥቂት ደቂቃ እናማስላለን። ማንኪያውን መሸፈን ሲጀምር እናወርዳለን። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥረን ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሌሊት እናጠልለዋለን።

አንድ ሊትር ክሬም ለማግኘት 10 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል። ስለዚህ ክሬሙ ውድ ነው፣ በልክ ይደረጋል። የተገፈፈው ወተት ግን አይጣልም፤ ተፈልቶ እርጎ ወይም አይብ ይሆናል።

ለ12 ትንንሽ ታርት ሊጡ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 125 ግራም ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ፣ 60 ግራም ስኳር፣ አንድ እንቁላልና ቁንጥር ጨው ነው። ቅቤው መቅለጥ የለበትም። ከቀለጠ ሊጡ ይጠነክርና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ፣ እጃችንን የእንስራ ውኃ ውስጥ እየነከርን በጣታችን ጫፍ ፈጥነን እናሻለን፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ እናሳርፋለን። ዳምጠን ቅርጹ ውስጥ ከዘረጋን በኋላ ወረቀት አልብሰን ደረቅ ሽምብራ እንሞላበታለን፤ ሽምብራው ሊጡ እንዳያብጥ ይጫነዋል። በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ ጋግረን፣ ሽምብራውን አውጥተን ወርቃማ እስኪሆን ጥቂት እንጨምርበታለን። መብራት ሲጠፋ ድፎ የደፋች ሴት ሁሉ የምታውቀው ዘዴ አለ፤ ከታችም ከላይም ፍም ነው።

250 ግራም ክሬም በሁለት ማንኪያ ማር እንመታለን። የመዠንገር ጫካ ማር እያለ ስኳር ለምን እንገዛለን? ሥጋው ጠንከር ያለውን ማንጎ በስሱ ከትፈን እንደረድራለን። ቃጫ የበዛበትን የአገር ማንጎ ግን ቀቅለን በወንፊት እናጠልና ማርማላታ እናደርገዋለን፦ ለአንድ ኪሎ 600 ግራም ስኳርና የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ማርማላታው ትኩስ እንዳለ በተቀቀለ ጠርሙስ ታሽጎ፣ ጠርሙሱ እንደገና 10 ደቂቃ ይቀቀላል። ማንጎ ባለቀበት ወራት ታርታችን የሚቀጥለው በእሱ ነው።

አሁን ዋናውን እንናገር። ክሬም ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች የሚበሉት ምግብ ስለሆነ በዚህ ቀልድ የለም። ስለዚህ ደንብ አውጥተናል። ወደ ገበያ የሚወጣው ታርት ማርማላታ ብቻ ያለበት ነው። ክሬም ያለው የሚሠራው ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለስብሰባ በትእዛዝ ብቻ ሲሆን፣ ክሬሙ የሚጨመረውም ለማዕድ ሲቀርብ ነው። ማቀዝቀዣው ረዘም ላለ ጊዜ መብራት ከጠፋበት ያን ቀን የክሬም ትእዛዝ አንቀበልም።

ሁለተኛው ስለ ሂሳብ ነው። አንዳንድ እህቶቻችን "ማንጎው በነጻ ስለሆነ ትርፉ ብዙ ነው" ይላሉ። እኛ በነጻ የሚባል ማንጎ አናውቅም። አንዷ ዛፍ ሥር ጎንበስ ብላ ለቅማዋለች፣ አንዷ በራሷ ተሸክማ አምጥታዋለች፣ አንዷ ልጣዋለች። የአንድ ታርት ዋጋ ሲወጣ ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ ወተቱ፣ ከሰሉና ወረቀቱ ተደምሮ የእነዚህ ሴቶች የሥራ ሰዓትም መግባት አለበት። ይህ ሳይገባ አተረፍን ብንል ያተረፍነው የገዛ እህቶቻችንን ድካም ነው።

ስለዚህ ሁለት ውሳኔ እንጠይቃለን። አባላት፣ ማንጎ ለሚለቅሙና ለሚሸከሙ እህቶች በኪሎ እንድንከፍል፣ ክፍያውም ትርፍ ከመከፋፈሉ በፊት እንዲወጣ ወስኑልን። ደጋፊዎቻችን፣ ለእንጆሪና ለማስካርፖኔ መግዣና መላኪያ ያሰባችሁትን ገንዘብ በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ማቀዝቀዣ አድርጉልን። የተላከ እንጆሪ ለአንድ ድግስ ይሆናል፤ ማቀዝቀዣው ግን ወተታችንን፣ ቅቤያችንንና ክሬማችንን ዓመት ከዓመት ይጠብቃል።

አበው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ። ማንጎም እንዲሁ ነው። ከስብሰባው በኋላ በጓሮ በኩል ታርቱ ተዘጋጅቷል፤ ክሬሙ አሁን ነው የሚጨመረው፣ እባካችሁ ሳትዘገዩ ቅመሱ።