ሆዱ የሞላ ልጅ ለምን ያስላል?

(አዲስ አበባ ለተሰበሰቡ የስማዳ፣ የጋይንትና የእስቴ ተወላጆች ከተደረገ ንግግር)



በ2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን በገባ ሰሞን ስልኬ አላርፍ ብሎ ነበር። «ዚንክ ለሳንባ ጥሩ ነው ይባላል፤ ልግዛ ወይ?» ነው ሁሉም። የሚደውሉልኝ ታዲያ ሥጋም እንቁላልም የማይጠፋባቸው የከተማ ዘመዶቼ ናቸው። ዚንክ የምር የጎደለው የስማዳ ሕፃን ስልክ የለውም።

ዚንክ ማለት የቤታችን ቆርቆሮ የሚለበጥበት ማዕድን ነው። አትሳቁ፣ ያው እሱ ነው። ሰውነታችን በጥቂቱ ይፈልገዋል፤ ግን እንደ ጎተራ እህል አያጠራቅመውም። በየጊዜው ከምግብ ካልገባ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለችው ታይመስ የምትባል እጢ ትኮሰምናለች። ከነጭ የደም ሴሎች ዋነኞቹ የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። የአየር ቧንቧና የአንጀት ሽፋንም ይጎዳል። የጎጆው ጭስ ሳይረሳ፣ ሳልና ተቅማጥ ልጁን የሚፈራረቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወሬ አይደለም። ዶክተር መላኩ ኡመታና ባልደረቦቻቸው በአርሲ፣ ዶዶታ ሲሬ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 «ላንሴት» መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከቀነጨሩት ሕፃናት መካከል ለ6 ወር ዚንክ ያገኙት 7 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ያላገኙት 2.8 ብቻ አደጉ። ሳሉም፣ ተቅማጡም፣ ትኩሳቱም ቀነሰ።

«ጤፋችን ዚንክ የለውም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አለው፤ ገብሱም ሽምብራውም አለው። ነገር ግን እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ዚንኩን ጨብጦ ይዞት ይወጣል። ሊጥ ሲቦካ ጭብጡ ይላላል፤ እህሉ ሲበቅልም እንዲሁ። ክረምት ጎተራው ሲራቆት ግን የሚበላው ያልቦካ ቂጣ ነው። ሥጋና እንቁላልማ ተዉት። ሕፃን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለጾም አይገደድም፤ ድስቱ ከጾመ ግን ልጁም ጾመ ማለት ነው።

ሹማምንቱ ሪፖርት የሚያነቡልን በኩንታል ነው። ይህን ያህል ሺህ ተመረተ፣ ይህን ያህል ተሰፈረ! እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔት ነፍስ አላተረፈም አልልም። ግን ኩንታል የሚለካው ሆድ መሙላቱን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2030 እናጠፋለን ተባለ። የወገዳ እናት ቃል ኪዳኑን ቂጣዋ ላይ ትቀባው?

ኪኒኑን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጥ ብለዋል፤ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በታች ለሆነው 10። እናቶቻችን ግን ተቅማጡ በ3 ቀን ሲቆም የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡታል። አገር ስትገቡ «ጨርሺው» በሏቸው።

አንድ ነገር እንዳታምታቱብኝ። ዚንክ የሳንባ ምች መድኃኒት አይደለም። አስቀድሞ ያገኘው ልጅ በምች የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል እንጂ፣ ከያዘው በኋላ ሲሰጥ አስተማማኝ ውጤት አላሳየም። ከ1 ዓመት በላይ የሆነው ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ጤና ጣቢያ ነው፤ አሞክሳሲሊን ነው። «ዚንክ ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ማደር ልጁን መግደል ነው።

ዛሬ የተሰበሰብነው ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ለማዋጣት ነው። ይከደን፣ ደግ ነው። ከመዋጮው ዝርዝር ግርጌ ግን አንድ መስመር ትጨመርልኝ፤ ለወላድ እናቶች እንቁላል ጣይ ዶሮ የምትል። እኔ በ10 ዶሮ ጀምሬያለሁ።