ሴት መምህራን በሳይንስ ክፍሎች ከፍ የማይሉት ለምንድን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሴቶች ትምህርት በዚህ አዳራሽ ሲነገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እስከ ዛሬ የሰማናቸው ንግግሮች ግን ከበር አላለፉም፤ ይኸውም ስንት ልጃገረዶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፥ ከእነርሱስ ስንቶቹ ሳይንስ መረጡ የሚለውን ቈጥረው ያቆማሉ። እኔ ልናገርላት የመጣሁት በሩን አልፋ፥ በማዕርግ ተመርቃ፥ ጋውን ለብሳ መምህር ስለ ሆነችው ሴት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ምን ትደርሳለች? በበኩሌ በኬሚስትሪ ክፍል ረዳት ምሩቅ ስለ ሆንሁ ጥያቄው የራሴም ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እጠራለሁ።

ኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1950 ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሙሉ ፕሮፌሰርነትን ማዕርግ ያገኙት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኰንን ሲሆኑ፥ ዓመቱም 2009 ነበር። የሥነ ሕይወት ሊቅ ናቸው፤ ፀረ ተባይ ኬሚካል በእርሻ ሠራተኞች ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና መድኃኒትነት ያላቸውን ዕፀዋት መርምረዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ኮሌጁ ሥራ በጀመረበት ወራት የተወለደ ሕፃን በ2009 ለጡረታ ተቃርቦ ነበር።

ይህን ያመጣው የዕውቀት ማነስ ነው የሚል ቢኖር፥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው የዕፀዋት በሽታ ሊቅ የሆኑትን ዶክተር ሰገነት ቀለሙን ይመልከት፤ ከ2013 ጀምሮ በናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት መርተዋል። አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌም በፊውል ሴል ምርምራቸው በአሜሪካ ስመ ጥር ናቸው። ሁለቱም የገነኑት ከአገር ወጥተው መሆኑ ያሳስበኛል። ነገር ግን ውጭ አገር ለሴት ሳይንቲስት ገነት ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ታሪክ የተፈጸመው በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው።

ናንሲ ሆፕኪንስ የምትባል የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር በዚያ ከ1973 ጀምራ ታስተምር ነበር። ዜብራ ፊሽ በሚባሉ ባለ ሸንተረር ትናንሽ ዓሦች ላይ ምርምር ስትጀምር ለዓሦቹ ገንዳ የሚሆን 19 ካሬ ሜትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ለመነች። አልተሰጣትም። የእርስዋ ላቦራቶሪ ከሌሎቹ ያንሳል ብትልም የሚያምናት ጠፋ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ማታ ማታ ሜትር ይዛ የሕንጻውን ላቦራቶሪዎች አንድ ባንድ ለካች። ሙሉ ፕሮፌሰር የነበረችው ሴት የያዘችው 140 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ገና ሥራ የጀመሩ ወጣት ወንዶች ወደ 185 ይጠጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሴቶቹ እርስ በርሳቸው መነጋገር የጀመሩት። እያንዳንዳቸው ጉድለቱን የራሳቸው ዕድል አድርገው ይዘውት ኖረዋልና። በ1994 አሥራ ስድስት ሆነው ለሳይንስ ዲኑ ለሮበርት በርጀኖ አቤት አሉ፤ ዲኑም ሰማቸው፤ በ1995 ኮሚቴ ቆመ። ኮሚቴው ደመወዝን፥ የክፍል ስፋትን፥ የምርምር ገንዘብንና የማስተማር ሸክምን መረመረ። በሳይንስ ፋኩልቲው የሴት መምህራን ድርሻ 8 በመቶ እንደ ነበረና ቢያንስ ለአሥር ዓመት ፈቀቅ እንዳላለም ገለጠ። ዘገባው በ1999 መጋቢት የታተመው በትልቅ የሳይንስ መጽሔት ሳይሆን በመምህራኑ የዜና ወረቀት ላይ ነበር፤ የእኛን ወረቀት የሚንቁ ሰዎች ይህን ቢያስቡ ደስ ይለኛል። የኢንስቲትዩቱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቬስትም፥ መድልዎው ከፊሉ እውነት ከፊሉ ስሜት ይመስላቸው እንደ ነበረ፥ አሁን ግን የሚበዛው እውነቱ መሆኑን እንደ ተረዱ በዚያው ጻፉ።

ከዘገባው ሁሉ ለእኛ ለወጣቶቹ የሚያስደነግጠው አንድ ነገር ነው። በሥራው አዲስ የነበሩት ሴቶች ምንም መድልዎ አናይም፥ ጭንቀታችን ልጅና ሥራን ማስማማት ብቻ ነው ብለው ነበር። ተገፍተናል ያሉት ከፍ ያሉት ናቸው። እነዚያም በወጣትነታቸው እንደ አዲሶቹ ያስቡ ነበር፤ ነገሩ በእናቶቻችን ዘመን አልቋል ብለው የገቡ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ከእኔ ጋር ያሉ እኅቶች «እኛ ክፍል ይህ የለም» ቢሉኝ አልከራከርም፤ ነገር ግን እንደ ማስረጃ አልቀበለውም።

ክፋት ያለበት ሰው መፈለግም አይጠቅምም። በ2012 በዬል የነበሩ ተመራማሪዎች ለላቦራቶሪ ኃላፊነት የቀረበ አንድ ማመልከቻ ለ127 የሳይንስ መምህራን አሳዩ፤ ለከፊሎቹ አመልካቹ ጆን፥ ለሌሎቹ ጄኒፈር ተባለ። ከስሙ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። ለጆን በዓመት 30,238 ዶላር ሲገመትለት ለጄኒፈር 26,508 ሆነ። ሴት መምህራኑም የፈረዱት እንደ ወንዶቹ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ዛሬ በግቢ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ሆኖም ስሙን በማልጠራው አንድ የሳይንስ ክፍል ያለችውን መምህርት ተመልከቱ። ኮሚቴ ሲቋቋም «ሴት ትኑርበት» ይባላል፤ በክፍሉ ያለችው ሴት እርስዋ ብቻ ስለ ሆነች በሁሉም ትገባለች፤ ከገባችም ቃለ ጉባኤ ያዥ እርስዋ ናት። የአንደኛ ዓመት የላቦራቶሪ ትምህርት ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ትዕግሥት አላት ተብሎ ለእርስዋ ይሰጣል። የምርምር ገንዘብ ማመልከቻ ደግሞ የሚወጠነው ብዙ ጊዜ ማታ፥ ወንዶቹ ቢራ ይዘው በተቀመጡበት ነው። የዕድገት ጊዜ ሲደርስ የሚጠየቀው ምን አሳተምሽ የሚለው ነው። ቃለ ጉባኤ እንደ ምርምር ጽሑፍ አይቈጠርም።

ሕጉ ለመንግሥት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በእርስዋ እጅ የነበሩት የሙከራ አይጦች 90 ቀን አይጠብቁም፤ የሚመግብላትና የሚመዘግብላት ረዳት ካልተመደበ ስትመለስ ሥራዋን ከዜሮ ትጀምራለች። ፈቃዱ ከተሰጠ ረዳቱም አብሮ መሰጠት አለበት። በሥራ ቅጥር ጊዜ የሚሰጠው የድጋፍ ነጥብም በር ይከፍታል እንጂ ከበሩ ወዲያ ላለው ነገር መልስ የለውም።

ስለዚህ ማኅበራችን ለፋኩልቲው ጉባኤ እንዲያቀርብልን የምለምነው ጥያቄ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዱ የሳይንስ ክፍል፥ መምህራኑ ስንት ካሬ ሜትር ላቦራቶሪ እንደ ያዙ፥ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያስተምሩ፥ በስንት ኮሚቴ እንዳሉና ምን ያህል የምርምር ገንዘብ እንደ ደረሳቸው በየዓመቱ ጽፎ ይለጥፍ። ስም አያስፈልግም፤ ማዕርግና ጾታ ይበቃል። አንዲት ሴት ብቻ ባለችበት ክፍል ስም ባይጻፍም ማን መሆንዋ ይታወቃል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፤ እርሱም ራሱ ሊነበብ የሚገባው ቍጥር ነው።

ረቂቁ ተባዝቶ በበሩ አጠገብ ተቀምጧል። የክፍል ኃላፊዎች አይተው የሚጨምሩት ወይም የሚያርሙት ካለ በኅዳጉ ላይ ይጻፉልን። ክፍሎቹን ለመለካት ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎችም፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ስማቸውን ዛሬ ማታ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ።