ዝናብ በልጆችና በዐዋቂዎች ዓይን



በጅቡቲ ከተማ በአርሂባ ሰፈር ሰማይ በጠቆረ ጊዜ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ከመንገድ የሚነሣው የልጆች የደስታ ጩኸት ነው፤ ሁለተኛው ከየደጃፉ የሚወጣው የእናቶች ጥሪ ነው። ዝናቡ አንድ ሲሆን ልጆቹ ወደ ውጭ ይሮጣሉ፥ ዐዋቂዎቹ ግን ምንጣፉንና የዱቄቱን ጆንያ ከወለል ያነሣሉ።

ይህ ነገር ለጅቡቲ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ በረዶ በወረደ ጊዜ ልጅ በባዶ እግሩ ወጥቶ ጠጠሩን እየለቀመ ይበላል፤ አባቱ ግን በደጃፉ ቆሞ ስለ ባቄላውና ስለ ገብሱ ይጨነቃል። ነገር ግን የደጋው ሰው ክረምቱን በወሩ ያውቀዋል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ፥ በጅቡቲ ከተማ የዓመቱ ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚመጣበትም ቀን አይታወቅም። ከግንቦት እስከ መስከረም በብርቱ ሙቀት የኖረ ሕፃን ቀዝቃዛ ውሃ ከሰማይ ሲወርድለት ቢጨፍር የሚፈረድበት አይደለም።

ዐዋቂውም ያለ ምክንያት አይፈራም። አርሂባ የወደብ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ስንዴና ማዳበሪያ ከመርከብ በሚራገፍበት ሰዓት ዝናብ ከመጣ የመርከቡ ጎተራ ይከደናል፤ የቀን ሠራተኛውም ሥራ ፈትቶ ይቆማል። (ያው ማዳበሪያ የሚላክለት የደጋው ገበሬ በዚያው ሰዓት ዝናብ እየለመነ ይሆናል።) ከዚህም የሚከፋ ትዝታ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኤፕሪል 2004 የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኖቬምበር 2019 ደግሞ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በጥቂት ቀናት ወርዶ፥ እስከ 250,000 የሚደርስ ሕዝብ ችግር ላይ ወደቀ።

እንግዲህ ልጁ የሚያየው ዛሬን ነው፤ ዐዋቂው የሚያየው ያለፈውን ነው። መምህሩ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ከዝናቡ ማግሥት ደብተሩ ረጥቦበት የመጣውን ተማሪ የሚቈጣ መምህር፥ ተማሪው በሚቀጥለው ጊዜ ተደብቆ እንዲሄድ ያደርገዋል እንጂ ከውሃው አያርቀውም። ልጁ ያልተነገረው ነገር አለና። የአምቡሊ አልጋ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ለኳስ ሜዳ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ውሃው ግን የሚመጣው ከከተማው ውጭ ካሉት ኮረብቶች ነው። መሬቱ ድንጋያማና ዛፍ የሌለው በመሆኑ ዝናቡ አይሰርግም፤ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ በከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ፥ ፀሐይም እየበራ፥ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። «ዝናብ የለም» ብሎ ወደ አልጋው የወረደው ልጅ አላበለም፤ ሲጠፋ ግን ማንም አይመልሰውም።

ደስታውን ለትምህርት ማዋል ይቻላል። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቢቀመጥና ተማሪዎቹ በማስመሪያ ቢለኩ፥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር መሆኑን ይረዳሉ። በ100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ነው። ከዚያ በኋላ የኮረብቶቹን ስፋት በካርታ አይተው ሲያባዙ፥ የእናታቸው ጥሪ ምክንያት እንዳለው በገዛ ሒሳባቸው ይደርሱበታል።

ከተቻለም ወደ አምቡሊ ዳርቻ ወስዶ ጎርፍ ጥሎት የሄደውን ጭራሮና ላስቲክ ከመሬቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ተንጠለጠለ ማሳየት ይጠቅማል። ይህም ጉዞ ኮረብቶቹ ጥርት ብለው በሚታዩበት ቀን ይሁን፤ በዚያ በኩል ደመና ከታየ ክፍሉ ከዳርቻው ላይ ይቆማል እንጂ ወደ አልጋው አይወርድም።